በሩ ወዴት ይከፈታል

ፕሮዲዩሰር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናቷ ለብዙ ዓመት አልገባቸውም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ አፋጥጠው ያዟት።

«ተዋናይ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እማዬ።»

«ካሜራውን ነው የምትይዢው?»

«ኧረ እሱንም አልይዝም።»

«ድርሰቱንስ?»

«ድርሰቱንም የሚጽፍ ሌላ ሰው አለ።»

«ታዲያ አንቺ ምኑን ነው የምትሠሪው?»

«አገናኛለሁ። እዚህ አገር ያለውን ሰው እዚያ አገር ካለው ሰው ጋር አገናኛለሁ፤ ከዚያ ፊልም ይሆናል።»

እናትየው ፊታቸው በራ። «ደላላ ነኝ አትዪም ታዲያ! ይሄን ሁሉ ዘመን ምን አስደበቀሽ?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ለመንደሩ ሁሉ «ልጄ የፊልም ደላላ ናት» እያሉ አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ። እሷ መጀመሪያ ተናዳ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ራሷም እንደሌላት ሲገባት ተወችው።

የሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ ሻንጣ ይሏታል። ምን ያድርጉ! ቤቷ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያደናቅፋችሁ ኮሪደሩ ላይ የተገተረ ግማሹ የታሸገ ሻንጣ ነው። ሴትዮዋ እንደ ሌላው ሰው አንድ አገር ቁጭ ብላ ፊልም አትሠራም። ትልቅ ድርጅት ከኋላዋ የለ፣ የሚያውቃት ባለሥልጣን የለ። አንዱን አገር ካሜራ ትለምናለች፣ ሌላውን አገር ተዋናይ፣ ሦስተኛውን የድምፅ ክፍል። የሚሰጥም እንዲሁ አይሰጥም፤ «የእኛም ልጆች ይሥሩበት» ይላል። ስለዚህ የሻንጣ ፊልም ላይ ሠራተኛው ግማሹ ከወዲህ፣ ግማሹ ከወዲያ ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ሥራ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ግን አሁን ታዩታላችሁ።

ከድንበሩ ወዲያ ያለችው ሸሪኳ ጎረቤት ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ራሷ ሻንጣ ናት። የተገናኙት ገና ለጋ ሳሉ አንድ ሩቅ አገር ነው፤ አንድ ኮስታራ ሰውዬ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት፣ ከአንድ ቢሮ፣ በአንድ ቃል አባረራቸው። ደረጃው ላይ ተያዩ። አንዷ ማልቀስ ጀምራ ነበር፣ ሌላዋ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። የዚያን ሰውዬ አነጋገር እስከ ዛሬ እየተቀባበሉ ያስመስሉታል። አምስት ፊልም አብረው ሠርተዋል። የጎረቤት ልጆች ሻንጣን አክስቴ ነው የሚሏት፤ በዓመት አንዴ ካልመጣች ያኮርፋሉ። ሁለቱ ሴቶች የማይጨቃጨቁበት ነገር የለም፣ በመኪናው፣ በምሳው፣ በፖስተሩ። ስልኩ ግን «ቻው እህቴ» ሳይባል ተዘግቶ አያውቅም።

ስድስተኛው ፊልም ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አያንኳኳም፤ ቤቱ ነዋ! በሩን ራሱ ከፍቶ ይገባል። የፊልሙ ነፍስ ያች ትዕይንት ናት፤ ዳይሬክተሩ አገር ምድሩን ያስቸገረው ስለ እሷ ነው።

ቤቱ ከውጭ ሲታይ ያለው ጎረቤት አገር ነው። የድንጋይ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ አንድ ደረጃ። ውስጡ ግን ያለው ሻንጣ አገር፣ አንድ አሮጌ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ነው፤ አናጢው ከኮምፔንሳቶ ገጣጥሞ ሳሎንና ጓዳ ሠርቶለታል። ሽማግሌውን የሚጫወቱት ጋሼ ናቸው። ስማቸው ሌላ ቢሆንም ከሾፌሩ እስከ ዳይሬክተሩ ማንም ከጋሼ ሌላ ብሏቸው አያውቅም። ውጭውን የጎረቤት ሠራተኞች ቀረጹ፣ ውስጡን የሻንጣ ሠራተኞች ቀረጹ፣ ሥራው ሰተት ብሎ ሄደ። የቀረው ጋሼ ሲገቡ ከውስጥ በኩል የሚያሳየው ብቻ ነው። ጋሼ ሐሙስ ከሰዓት ሌላ አገር ቴአትር ሊጫወቱ ይበራሉ፤ እዚያ እንደደረሱ ያን የመሰለ ጢማቸውን ይላጩታል።

ማክሰኞ ጠዋት ኤዲተሯ ደወለች።

«ሻንጣ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ነይና እዪው። በስልክ ብነግርሽ አታምኚኝም።»

ሄዳ አየችው። ጋሼ ሰማያዊው በር ፊት ቆመዋል። እጀታውን ያዙ። በሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ተከፈተ። እሰይ! ቀጥሎ ውስጡ መጣ፤ ከቀናት በፊት የተቀረጸ፣ የሽማግሌው ልጅ ከውጭ ስትገባ የሚያሳይ ነው። ያው በር፣ ያው ሰማያዊ፣ ያው እጀታ። ልጅቷ በሩን ገፍታ ገባች።

«ደግመሽ አሳዪኝ» አለች ሻንጣ።

ኤዲተሯ ደገመችላት። ወዲያ ይሳባል፣ ወዲህ ይገፋል። ሻንጣ መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ጋሼ ሐሙስ እንደሚበሩ ትዝ አላት።

አናጢው ተጠራ። «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «የላካችሁልኝ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ያለው የተዘጋ በር ነው። የተዘጋ በር ወዴት እንደሚከፈት በምን ልወቅ? ልጠይቀው?»

እውነቱን ነው። ደግሞ ነገሩ ሲጣራ ያን በር የነካው ሰው አልነበረም። ለፊልሙ ተብሎ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበርና ሻንጣ ራሷ «ቀረጻው እስኪጀመር ድረስ ማንም እንዳይጠጋው!» ብላ አውጃለች። ሠራተኛው ሁሉ በጓሮ ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። በሩን መጀመሪያ የሳቡት ጋሼ ናቸው፣ ካሜራ ፊት። ዳይሬክተሩ የሚያየው ፊታቸውን ነው። የትዕይንቶቹን መያያዝ የምትቆጣጠረዋ ሴት የጎረቤት ሰው ስለሆነች ውስጡን አላየችም፤ ውስጡን የሚቆጣጠረው የሻንጣ ሰው ስለሆነ ውጭውን አላየም። ሻንጣስ? ሻንጣ መንገዱን ተሻግራ ስልክ እያወራች ነበር። ፕሮዲዩሰር ቀረጻ ላይ አለች ማለት ስልክ ላይ አለች ማለት ነው።

የአናጢውን በር ገልብጦ መግጠም እንኳ አይቻልም። ሰዉ ሁሉ በዚያ በር ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲያጋጨው ተቀርጾ አልቋል።

ሻንጣ ለጎረቤት ደወለች። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ውኃ ጠጥታ፣ ትንሽ ተንፍሳ ብትደውል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እሷ ግን ደሟ እንደፈላ ደወለች።

«ፎቶ አንሺያችሁ እጅ የለውም እንዴ? እጀታውን አንዴ ቢስበው ምን ነበረበት?»

«አንቺ አይደለሽ ማንም እንዳይነካው ያልሽው!» አለች ጎረቤት። «የእናንተስ አናጢ? ዓይን የለውም? ማጠፊያው ውጭ ነው እኮ ያለው!»

«ፎቶው ላይ ማጠፊያ የሚባል ነገር አይታይም።»

«ከበሩ ጋር አብሮ ሰማያዊ ተቀብቶ ነዋ! አተኩሮ ላየ ሰው ይታያል።»

«አይታይም! ያ በር መጀመሪያም ወደ ውጭ የሚከፈት አልነበረም። ለቀረጻ እንዲመቻችሁ ገልብጣችሁ ገጥማችሁት ነው። አሁን ደግሞ ልትሸፍኚላቸው ትሞክሪያለሽ።»



«ውሸታም ነሽ ነው የምትዪኝ?» አለች ጎረቤት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሻንጣ እዚህ ላይ ልትመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም። «የሆነውን ነው የምናገረው» አለች።

«ጥሩ። እንግዲያው የእኔን ፊርማ አትጠብቂ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቻው የለ፣ እህቴ የለ።

ይሄ ቀልድ አልነበረም። የፊልሙ እኩሌታ የጎረቤት ነው፤ እሷ ካልፈረመች ከውጭ የተቀረጸው ሁሉ ከአገሯ አይወጣም። ፊልሙ በሁለት አገር ለሁለት ተሰንጥቆ ይቀራል ማለት ነው። ሻንጣን ግን ማክሰኞ ከሰዓት መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ኩርምት ብላ ስትቀመጥ ያንገበገባት ይሄ አልነበረም። ፊልም ሲሞትባት የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ታለቅሳለች፣ ትረሳዋለች፣ ሌላ ትጀምራለች። ጎረቤት ግን ያለቻት አንድ ናት። ከእሷ ጋር ያ ኮስታራ ሰውዬ ካልተነሳ፣ ከእሷ ጋር ካልሳቀች፣ የቀረው ሥራ ምን ያደርግላታል?

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ስልክ ጭጭ አለ። ዳይሬክተሩ ጥግ ይዞ አኩርፎ ተቀመጠ፤ «ያችን ትዕይንት ካጣኋት ስሜን ከፊልሙ አውጡልኝ» ይላል። ስሙ ያለ ፊልም የት እንደሚጻፍ የጠየቀው የለም።

ምሳ ላይ እናቷ አዩዋትና «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» አሉ።

ነገረቻቸው። በሩን፣ ቀለሙን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም። እናትየው እስክትጨርስ ድረስ ሰምተው፣ የጎረሱትን ዋጡና «ደውዪላት» አሏት።

«ደውያለሁ። ዘግታዋለች።»

«ደግመሽ ደውዪ። ሁለት ሰው የሚያገናኝ ሰው ራሱ ተኳርፎ እንዴት ነው የሚሆነው? ሥራሽን አታሰድቢ!»

ደግማ ደወለች። ዝግ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እናትየው «እኔም ልምጣ፣ ጉዱን ልየው» ብለው ተከትለዋት መጋዘኑ መጡ። አንድ ወንበር ተሰጣቸው፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ። ጋሼ የሽማግሌውን ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳሉ። ይሄኔ ግቢው ውስጥ የመኪና ጡሩንባ ጮኸ። ሁሉም ወጣ።

የጎረቤት መኪና ናት። ጣሪያዋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ከመኪናዋ የሚበልጥ አንድ ነገር ተጭኗል። ጎረቤት ወረደች። ጸጉሯ አቧራ ጠጥቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ለማንም ሰላም አላለችም።

«አውርዱልኝ» አለች።

አወረዱት፣ ገመዱን ፈቱት፣ ብርድ ልብሱን ገፈፉት። እናንተዬ፣ በሩ ነው! ሰማያዊው በር፣ ከነመቃኑ፣ ከነደፉ፣ ከነማጠፊያው ከድንጋይ ግድግዳ ላይ ተነቅሎ መጥቷል።

«ቤቱስ?» አለ አናጢው፣ አፉን ከፍቶ።

«ቤቱማ እዚያው ነው። ባለቤቱ አንሶላ ጋርደው ተቀምጠዋል።» ጎረቤት እስካሁን ሻንጣን አላየቻትም፤ የምታወራው ለአናጢው ነው። «ኬላው ላይ ፈታሹ 'ምንድነው የያዝሽው?' አለኝ። በር አልኩት። 'የምን በር?' የክርክር በር አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አየውና 'ክፈቺው' አይለኝም! ከኋላው ምን ሊያገኝ ነው? አውርደን አቆምነው። ገፋው፣ ገፋው፣ እምቢ አለው። ከዚያ ሳበው፣ ተከፈተ። አልፎ ሄዶ ወዲያ ማዶ ቆመና 'በይ እለፊ' አለኝ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። አናጢውና ሾፌሩ ደግፈው ያቆሙትን በር እጀታውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። ወደ ውጭ ተከፈተ። ማጠፊያው በአዲሱ ቀለም ሥር የድሮውን ቀለም ደራርቦ፣ የኖረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። ማንም አልገለበጠውም።

«አየሽ?» አለች። ከማክሰኞ ወዲህ ለሻንጣ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ያልኩሽ ይሄንን ነበር። በቃኝ፣ ልሂድ።»

ሻንጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ሰዉ ሁሉ ያያታል። ከሰዉ በላይ ደግሞ ጎረቤት ታያታለች። በበሩ ውስጥ አሻግራ አየች፤ ከበሩ ወዲያ የመጋዘኑ መግቢያ፣ ከመግቢያው ወዲያ አናጢው የሠራው ቤት፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሌላው ሰማያዊ በር ይታያል። አንዱ በር በሌላው በር ውስጥ። ሥራዋ ሥራ ነውና በሐፍረቷ መሐል እንኳ አልተዋትም።

«ሁለቱም!» ብላ ጮኸች።

«ምኑ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሁለቱም በር ይኑር! ለብርድ ሁለት በር ያለው ቤት አይታችሁ አታውቁም? ይሄኛው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ያኛው ወደ ውስጥ። መሐሉ ላይ ጠባብ ክፍል ይኑር፣ ጫማና ካፖርት የሚቀመጥበት። ጋሼ በዚህ ይገባሉ፣ በዚያ ይወጣሉ። ውጭውም አልተነካ፣ ውስጡም አልተነካ!»

ዳይሬክተሩ ኩርፊያውን እዚያው ጣለው። «ጨለማ ይሁን» አለ። «ጠባብና ጨለማ ይሁን። ሰውዬው ውጭም ሳይሆን፣ ቤቱም ሳይገባ፣ ትንሽ ይቁም።»

ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የነበረውን ሩጫ ምን ልበላችሁ! አናጢው ሁለት ኮምፔንሳቶ ግራና ቀኝ አቆመ፣ ከላይ ጥቁር ጨርቅ ጣለ፣ ካሜራው ጥጉ ውስጥ ተሸጎጠ። የሻንጣ እናት የገዛ ቤታቸው ይመስል ካፖርታቸውን አውልቀው «ይሄንን ስቀሉበት፣ ባዶ ቤት አይምሰል» አሉ። የቀረው የውጭው መቃን ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ለመቸንከር ጊዜ የለም፤ ጋሼን ወደ አውሮፕላን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቷል።

«ሁለት ሰው ከውጭ በኩል ግራና ቀኝ ይያዘው» አለ አናጢው፣ ግድግዳውን በጀርባው እንደደገፈ። «እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ሰው ተፈለገ። አንዱ መብራት ይዟል፣ አንዱ ማይክ፣ አንዱ ጨርቁን። ቀረጻ ላይ ሥራ የሌለው ፕሮዲዩሰር ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ሁለቱን ሴቶች አየና ማንን እንደሚያዝ ረስቶ «እናንተ! ወዲህ ኑ! አንቺ ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ!» አላቸው።

ሻንጣ ቀኙን መቃን በሁለት እጇ አቀፈች፣ ጎረቤት ግራውን። ከባድ ነው። አንዷ ብትለቅ ሌላዋ ላይ ይመጣል። ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ ጎረቤት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች።

«ጸጥታ!» አለ ድምፅ ቀራጩ። «ማንም እንዳይተነፍስ!»

ጋሼ በመሐላቸው መጡ። እጀታውን ያዙ፣ በሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ገቡ፣ ከኋላቸው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ምንም አይታያቸውም። የተዘጋ በር ብቻ ነው። ጋሼ ወዲያው አልፈው ሁለተኛውን በር መክፈት ነበረባቸው፤ ልምምዱ ላይ እንደዚያ ነው። አልከፈቱም። ዝም አለ። ቆየ። አሁንም ዝም ነው።

የሻንጣ ክንድ መዛል ጀመረ። ጎረቤት ዓይኗን ከጣሪያው አወረደች፤ ተያዩ። የጎረቤት ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብላ ጠረጠረች ሻንጣ። የለም፤ ሳቅ ነው! ጎረቤት ከንፈሯን ነክሳ፣ አፍንጫዋን አስፍታ፣ ያን ኮስታራ ሰውዬ መሰለችላት። ቅንድቡን፣ አገጩን፣ «ሁለታችሁም ውጡልኝ!» ሲል የነበረውን ሁሉ፣ ያለ ድምፅ። ሻንጣ ጭንቅላቷን መቃኑ ላይ ደፋች። ሳቁን ከሆዷ ልትገታው ታገለች፣ እምቢ አላት። ትከሻዋ ተርገፈገፈ፣ የጎረቤትም ተርገፈገፈ፣ መቃኑ ተንቀጠቀጠ፣ እጀታው ቀጭ ቀጭ አለ። አለቀልን! አለች ሻንጣ በልቧ፣ ፊልሙን በገዛ እጃችን ገደልነው።

ውስጥ ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። በጨለማው ውስጥ የሚንቀጠቀጠውን በር አዩት። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን እላዩ ላይ አሳረፉ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው ዳበሱት። ከዚያ ዞረው ሁለተኛውን በር ገፍተው ቤታቸው ገቡ።

«ካት!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ የለቅሶ ነው። «በሩ! በሩን አያችሁት? ማንም ይሁን ያደረገው፣ ደግመን ብንሞክር አይመጣም! አልቋል! ጨርሰናል!»

ጭብጨባው መጋዘኑን አናጋው። የሻንጣ እናት ተነስተው እልል አሉ፤ ለምን እልል እንዳሉ ቢጠየቁ አያውቁትም። ሰዉ ሁሉ ጋሼን ለመሳም በውስጠኛው በር በኩል ተጋፋ። መቃኑን የያዙትን ሁለት ሴቶች ያስታወሳቸው የለም።

«ልቀቂው» አለች ጎረቤት፣ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ።

«አንቺ ልቀቂው።»

«ከለቀቅሁት አንቺ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«እኔም ብለቀው አንቺ ላይ ነው።»

ማንም አልለቀቀም። «ያን ዕለት ያልኩሽ...» አለች ሻንጣ። «አፌን ይቁረጠው። አንቺ እኔን አንድም ቀን ዋሽተሽኝ አታውቂም። አውቀው ነበር፤ እያወቅሁ ነው ያልኩሽ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«እሱንማ ኬላው ጋ ሳልደርስ ይቅር ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ኬላው ጋ ከደረስሽ በኋላ ለምን አልተመለስሽም? በር ተሸክመሽ ይሄን ሁሉ መንገድ?»

«እውነቴን እንደሆነ ላሳይሽ ነዋ!» ጎረቤት መቃኑን በትከሻዋ ደገፍ አደረገች። «ኧረ ውሸቴን ነው። በሩ ሲከፈት በስልኬ ቀርጬ ብልክልሽ ይበቃ ነበር እኮ፣ አንቺ ሞኝ።»

ሻንጣ ይሄን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበችውም ነበር። እንባዋ መጣ፤ የምትጠርግበት እጅ ግን አልነበራትም።